የእርካታ እንቅልፍ

መንገዱን አትጠይቁኝ እንጂ መረዋ የሚባል አገር ነበረ። በዚያ አገር ሸለቆ ውስጥ አንድ ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ ሥሩ ሲበጣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ፈሳሽ ይወጣዋል። የመረዋ ሰዎች ያንን ፈሳሽ በሞቀ ውኃ በጥብጠው ይጠጡታል። የቀመሰው ሁሉ ከትከሻው ሸክም እንደወረደለት ሰው "እፎይ!" ይላልና ስሙም እፎይ ሆኖ ቀረ።

ድሮ እፎይ የሚሰጠው አጥንቱ ለተሰበረ ሰውና ምጥ ለጠናባት ሴት ብቻ ነበር። በኋላ ግን ንጉሡ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ እፎይ የጠጣ ሰው አይከራከርም። ስለተወሰደበት መሬት ሊጮህ የመጣ ገበሬ አንድ ዋንጫ ቢያቀርቡለት ፈገግ እያለ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልጇ ዘመቻ ሄዶ የቀረባት እናት አንድ ዋንጫ ከጠጣች "የት አደረሳችሁት?" ብላ አትጠይቅም። ከዚያ ወዲህ በችሎት ደጅ፣ በለቅሶ ቤት፣ ሕዝቡ ለመንግሥት በነጻ በሚሠራበት የድንጋይ ካብ ሥር ሳይቀር እፎይ በገንቦ ይቀመጥ ጀመር። ማንም አልተገደደም። ሰው በገዛ እግሩ እየመጣ ይቀዳ ነበር፤ ውሎ አድሮ ደግሞ ሳይቀዳ መዋል አቃተው።

እፎይ ግን ያመጣው ዝምታ ብቻ አልነበረም። በሰው ገላ ላይ የማይታወቅ ነገር ይታይ ጀመር። ስም አውጪ የሚባለው ሹመት የተፈጠረው ያኔ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። እፎይ በሰው ላይ አዲስ ነገር ባመጣ ቁጥር፣ ሕዝቡ በራሱ አፍ ስም ሳያወጣለት ቤተ መንግሥቱ ይቀድምና ያወጣለታል። ስም አውጪው አፉን በወተት ተጉመጥምጦ፣ ነጭ ኩታ ተከናንቦ፣ ከወይራ ዱካ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ የነገሩ መልክ ይነገረዋል። ምክንያቱን መጠየቅ ግን ክልክል ነው፤ ምክንያት የሰማ ጆሮ የጠራ ስም አያወጣም ተብሎ ተደንግጓል። አእምሮው ንጹሕ እንዲሆን እሱ ራሱ እፎይ አይቀምስም።

በዚያን ዘመን ሹመቱ የቢሰውር ነበር። ቢሰውር ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ቃል ሲመርጥ ዓይኑን አጥብቦ እንደ ጌጥ ሠሪ ያያል። የሰዉ እጅ ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ሲጀምር "እጅ መንሻ" አለው፤ ለንጉሡ ሰላምታ የሚነሣ እጅ ነው ብሎ። መርሳት ሲበዛ "ይቅርታ" አለው። ዓይኑ ቢጫ የሆነውን "ወርቅማ"፣ ሥጋው አልቆ አጥንቱ የቀረውን "ቀሊል" አሰኘው። ከዚያ በኋላ "ሕመም" የሚለውን ቃል ከእፎይ ጋር አያይዞ የተናገረ ሰው ከንፈሩን አመድ ተቀብቶ፣ ገበያ መሀል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል።

በየወሩ መባቻም ሕዝቡ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ይሰበሰብና የሚንቀጠቀጥ እጁን ወደ ሰገነቱ ያነሣል። እጁ የረጋ ሰው "ምነው ንጉሥህን ሰላም አትልም?" ተብሎ ስለሚጠየቅ፣ እፎይ የማይጠጡት ጥቂት ሰዎች እንኳ እጃቸውን ማንቀጥቀጥ ተለማመዱ። እናቶች ለልጆቻቸው ያስጠኑ ነበር።

ቢሰውር በሥራው አያፍርም ነበር። ሰው የሚያስፈራውን ነገር ሲሰማ ከሚደነግጥ፣ ደግ ስም ሰምቶ ቢረጋጋ ምን አለበት ይል ነበር።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፣ እንኮዬ የምትባል። ከሚስቱ ከማንያህልሻል ስንት ዘመን ተጠብቃ የተገኘች ናት። እንኮዬ ፈረስ ትገራ ነበር። ወንዶቹ አለንጋ ይዘው የሚገቡበት በረት እሷ ባዶ እጇን ትገባለች፤ አንገቱን እያከከች፣ የሰፈሩን ወሬ እየነገረችው፣ ፈረሱ ሳያውቀው ጀርባው ላይ ትገኛለች። ስትስቅ ከጎረቤት ይሰማል።

አንድ ቀን ያልተገራ ዳማ ፈረስ ካብ ላይ ጣላትና ዳሌዋ ተሰበረ። ጩኸቷን ቢሰውር ሊቋቋመው አልቻለም። የቤተ መንግሥቱ ወጌሻ አጥንቱን አስተካክሎ አሰረና ሩብ ዋንጫ እፎይ አጠጣት። ወዲያው ፊቷ ተፈታ። "እፎይ፣ አባዬ" አለችው። ቢሰውር የወጌሻውን እጅ ይዞ ሳመ።

ዳሌዋ ገጠመ። ዋንጫው ግን አልቀረም። መጀመሪያ ለሕመሙ ነበር፤ ቀጥሎ ሕመሙ እንዳይመለስ፤ ቀጥሎ ደግሞ ምክንያት መስጠቱንም ተወችው። በሩብ ዋንጫ የጀመረች ልጅ ሙሉ ዋንጫ ካልጠጣች አልሆንላት አለ። እህል ጠላች። የፊቷ ወዝ ሄዶ የአመድ መልክ ያዘ። በረት መግባት ተወች። ኮርቻዋን ጠፋብኝ ብላ እናቷን አታለለች፤ ማንያህልሻል ግን ኮርቻውን ሥሩን ከሚበጡት ሰዎች ዘንድ አየችው፤ ከገንቦው የሚደርሳት አልበቃ ብሏት በእፎይ ለውጣዋለች።

አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ ሳለ እንኮዬ የውኃ ጣሳ ልታነሣ ስትል ውኃው በሙሉ ጭኗ ላይ ፈሰሰ። ልብሷን ልትቀይር ተነሥታ ሄደች።

"እጇ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አየህ?" አለች ማንያህልሻል።

"እጅ መንሻ ነው" አለ ቢሰውር፣ ሳያስበው።

"አንተ ሰውዬ! እኔ እናቷ ነኝ። ለእኔ እንደ አዋጅ ነጋሪ አታውራ!"

ቢሰውር ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። ሌላ ቃል ሊፈልግ ሞከረ። አልመጣለትም።

በዚያው ሰሞን ቤተ መንግሥት ተጠራ። አፉን ተጉመጥምጦ ዱካው ላይ ተቀመጠ። የነገሩን መልክ የሚነግረው የልክ ሹሙ ጓንጉል ነበር፤ እፎይ በየገንቦው ሲከፋፈል የሚቆጣጠር ወፍራም፣ ትሑት ሰው።

"ጠጥተው ይተኛሉ፤ ከዚያ አይነሡም" አለ ጓንጉል። "ፊታቸው ላይ ስቃይ አይታይም። ከንፈራቸው ብቻ ሰማያዊ ይሆናል።"

"እነማን ናቸው?"

"መልኩን ብቻ ነው የምነግርህ፣ ቢሰውር ወንድሜ። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ።"

ቢሰውር ዓይኑን አጥብቦ ጥቂት አሰበ። "የእርካታ እንቅልፍ" አለ። አዋጅ ነጋሪው ወጥቶ ጮኸው። ቃሉ ተወደደ፤ ለቅሶ ቤት ሁሉ "የእርካታ እንቅልፍ ነው እኮ፣ አታልቅሱ" ይባል ጀመር።

እንኮዬ ግን አንድ ጠዋት ከእናትና አባቷ ፊት መጥታ ቆመች። እንደ አሮጊት ኩታዋን ተከናንባለች።

"አባዬ፣ ልተወው ነው" አለች።

"ምኑን?"

"ታውቀዋለህ ምኑን።" ቁጭ አለች። "ድሮ ፈረስ ሲያሽካካ ስሰማ ሆዴ ይፍለቀለቅ ነበር። አሁን በረት አፍ ላይ ቆሜ ምንም አይሰማኝም። እፎይ ስጠጣም ደስ አይለኝም፤ ስቃዩ ይቆማል፣ በቃ። ውስጤ ደስታ የሚያውቀው ቦታ ተቃጥሏል መሰለኝ። ተመልሶ ይብቀል አይብቀል ልየው።"

ማንያህልሻል ተነሥታ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ጎጆ ጠረገች፣ ድርቆሽ ጎዘጎዘች፣ ልጇን አስገብታ አብራት ገባች።

ያንን ሰሞን ቢሰውር ከጎጆዋ ደጅ አልተለየም። ውስጥ የነበረው ነገር ምንም ስም አልነበረውም። ላብ ያጠምቃታል፣ ወዲያው ደግሞ ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ይበርዳታል። የጠጣችው ውኃ ሳይቀር ይመለሳል። እግሮቿ በራሳቸው ይራገጣሉ። ቆዳዋ እንደተነጨ ዶሮ ሽፍ ይላል። "እናቴ ግደይኝ" ትላለች። ማንያህልሻል ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ላቧን ትጠርጋለች። ቢሰውር በሩን ከፍቶ ሲገባ "ሂድ፣ ልብህ አይችለውም፤ ትሰጣታለህ" ብላ መለሰችው።

ከዚያ ቀስ በቀስ በረደላት። መጀመሪያ ሾርባ ጠጣች። ቀጥሎ ቂጣ ጠየቀች፤ "ጨው ያንሰዋል" ስትል እናቷ ከደስታዋ የተነሣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አንድ ረፋድ ላይ ደግሞ አዲስ የተወለደ ውርንጭላ ለመቆም ሲታገል፣ በአራቱም እግሩ ተንገዳግዶ ጭቃ ውስጥ ዘጭ ሲል አይታ ሳቀች። ሳቁ እንደ ድሮው ከጎረቤት አልተሰማም። ቢሰውር ግን ሰማው።

የወሩ መባቻ መጣ። ማንያህልሻል የወለደች እህቷን ልትጠይቅ ራቅ ወዳለ ሰፈር ሄዳ ነበርና አባትና ልጅ ብቻቸውን አደባባይ ወጡ። "እጅሽን አንቀጥቅጪ፣ ለአፍታ ያህል ነው" አላት መንገድ ላይ። እሷ ግን እርምጃዋን አፈጠነች።

ሕዝቡ እጁን አነሣ። እንኮዬም አነሣች። እጇ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሰላምታ ተመልካች የሚባለው ሹም በሰዉ መሀል እየተላለፈ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። "ምነው፣ የስም አውጪው ልጅ እጅ ረጋ?"

"ታምሜ ነበር" አለች። "ድኜ ነው።"

በዙሪያዋ የነበሩት ሁሉ እንዳልሰሙ ሆነው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ቢሰውር ወደ ፊት ዘሎ ገባ። "ቃል ተምታቶባት ነው ጌታዬ፤ ልጅ ናት" አለ።

ሹሙ ለቢሰውር ኩታ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አመዱን ለነገ አቆይልሃለሁ። ነገ እዚሁ ስትመጣ እጇ ወደ ሥርዓቱ ተመልሶ ልየው። ካልሆነ እሷም ግድግዳው ሥር፣ አንተም ከዱካህ።"

ሲመለሱ መንገዳቸው በገንቦዎቹ መሀል ነበር። ትኩስ እፎይ በየዋንጫው እየተቀዳ እንፋሎቱ ይተናል። እንኮዬ ቆም አለች። አፍንጫዋ ተነፋ፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ቢሰውር ክንዷን ይዞ ጎተታት። ቤት ሲደርሱ ዝናብ ጀመረ፤ በብርድ ጊዜ የሚነሣው የዳሌዋ ጥዝጣዜም አብሮ ተነሣ። አልጋው ላይ ተጠቅልላ ተኛች።

"አባዬ፣ ሽታው አፌ ውስጥ ገብቷል" አለች። "እኔ እኮ ጠልቼዋለሁ። ሰውነቴ ግን አልጠላውም። እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?"

"ዝናቡ ሲያባራ።"

"እስክትመጣ ያዘኝ።"

ያዛት። ትንቀጠቀጥ ጀመር። ነገ ግድግዳው ሥር ከንፈሯ አመድ ተቀብቶ ስትቆም ታየው፤ ዱካው ሲወሰድበትም ታየው፣ ይህንንም አይክድም። ከሁሉ በላይ ግን ያ የጎጆው ስቃይ እንደገና ሊጀምር ነው ብሎ ፈራ። "አንድ ጊዜ ብቻ ብትጠጪስ?" አላት። "ለነገ ብቻ። ከዚያ እናትሽ ታውቅበታለች።"

እንኮዬ "አምጣልኝ" አለች። "ቶሎ አምጣልኝ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።"

ከጎረቤት ለምኖ አምጥቶ በጠበጠው። "ድሮ ምን ያህል ነበር የምትጠጪው?"

"ሙሉ ዋንጫ።"

እንዳይጎድልባት ብሎ እስከ አፉ ሞላው። አንገቷን ደግፎ አጠጣት። ፊቷ ቀስ እያለ ተፈታ፤ ያ የመጀመሪያው ቀን መልክ ተመለሰ። "አትሂድ" አለችው። አልሄደም። ጥቂት ቆይታ ማንኮራፋት ጀመረች፤ ጥልቅና ዘገምተኛ ማንኮራፋት። ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰዳት አለ። የዝናቡ ድምፅ እንዳይቀሰቅሳት መስኮቱን ዘጋ። በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ወጥቶ በረንዳው ላይ የሚንጫጩትን ዶሮዎች አባረረ፤ ከዚያም ማንም ገብቶ እንዳይረብሻት ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ማንያህልሻል ዝናቡ እንዳባራ መጣች። "የት አለች?" አለች።

"ተኝታለች። ቀስ በይ።"

ማንያህልሻል ገባች። ወዲያው ጩኸቷ ተሰማ። ቢሰውር ሮጦ ሲገባ የልጁ ከንፈር ሰማያዊ ነበር።

በማግሥቱ ጓንጉል ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከልቡ ያዘነ ይመስል ነበር። ከቢሰውር አጠገብ ቁጭ ብሎ "የእርካታ እንቅልፍ ነው፤ አትጎዳ" አለው።

"እንዴት ሆነ?" አለ ቢሰውር። "ያንኑ ነው የጠጣችው። ስትጠጣው በነበረው ልክ ነው የሰጠኋት።"

"አቋርጣ ነበር እንዴ?"

"አዎ። ተሽሏት ነበር።"

ጓንጉል ራሱን ነቀነቀ። "እንዲያማ ከሆነ ነው። ገላ እፎይን በየቀኑ ሲጠጣ ይለምደዋል፤ መሸከም ይችላል። ሲያቋርጥ ግን ልምዱ ይጠፋል፤ እንዳልቀመሰ ሰው ይሆናል። ያን ጊዜ በድሮው ልክ የጠጣ እንደሆነ ትንፋሽን ያስረሳዋል።"

ቢሰውር ቀና ብሎ አየው። "ታውቃላችሁ?"

"እንዴት አናውቅም? ከመኳንንቱ አንዱ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ሲያንኮራፋ አናስተኛውም፤ እየወዘወዝን፣ ተንፍስ እያልን እናቆየዋለን። ብዙዎቹ ይተርፋሉ።"

"ለሕዝቡስ ለምን አልተነገረም?"

ጓንጉል በጥያቄው ግራ የተጋባ መሰለ። "ስም እንድታወጣለት ወደ አንተ አመጣሁት እኮ። አወጣህለት። ከዚያ ወዲያማ ምን ብለን እንናገራለን?"

በመረዋ የሞተ ሰው አሟሟቱ አደባባይ ላይ በወጣለት ስም ይታወጃል። የእንኮዬ ግን በስም አውጪው በራሱ አንደበት እንዲታወጅ ንጉሡ ፈቀዱ፤ ክብር ነው ተባለ። ቢሰውር ወደ አዋጅ ነጋሪው መቆሚያ ወጣ። አፉን አልተጉመጠመጠም።

"ልጄን እፎይ ገደላት" አለ። "ያጠጣኋት እኔ ነኝ።"

ወታደሮቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ይህን የመሰለ ነገር ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ ሥርዓት አልወጣለትም ነበር። እሱም በዚያች ክፍተት ቸኩሎ ተናገረ። "እጃችሁ የሚንቀጠቀጠው ታማችሁ ነው። የምትረሱት ታማችሁ ነው። የተወ ሰው ይድናል፤ ልጄ ድና ነበር። የተወ ሰው ግን ተመልሶ በድሮው ልክ ከጠጣ ይሞታል። ጠጥቶ የሚያንኮራፋውን ተኛ ብላችሁ አትተዉት። ቀስቅሱት፣ ወዝውዙት፣ ተንፍስ በሉት።" ከሕዝቡ መሀል አንዳንዶቹ ቃሉን እንደ ባዕድ ቋንቋ ሰሙት። አንዲት ሴት ብቻ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨምራ ማልቀስ ጀመረች።

አወረዱት። ከንፈሩን አመድ ቀቡት፤ ግድግዳው ሥር ቆመ። በዚያው ቀን አዲስ ስም አውጪ ተሾመና የመጀመሪያ ሥራው የቢሰውርን ንግግር ስም ማውጣት ሆነ። "የሐዘን ቅዠት" አለው። አዋጅ ነጋሪው ጮኸው፤ ሕዝቡም ወደየቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ማንያህልሻል ባሏን አላናገረችውም። ምግብ ታቀርባለች፣ ውኃ ታስቀምጣለች፤ ቃል ግን የለም። እሱም አልጠየቃት። ቀኑን የልጁን ፈረሶች ሲያጠጣ ይውላል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ሸማኔ ወንድሙን ጀርባው ላይ አዝሎ እያለከለከ ግቢያቸው ገባ። ተዋበ ይባላል። ወንድሙን መሬት ላይ አስተኛው፤ ሰውየው ያንኮራፋል፣ ከንፈሩ መጥቆር ጀምሯል።

"ጌታ ቢሰውር" አለ ተዋበ እያለቀሰ። "ወንድሜ ትቶት ነበር፤ ዛሬ ጠጣ። ያ አደባባይ ላይ የተናገሩት ቅዠት... እንዴት ነበር የሚለው?"

ቢሰውር የያዘውን ባልዲ ጥሎ ሮጠ። ሰውየውን በብብቱ ሥር ይዞ ሊያነሣው ታገለ፤ አቅም አነሰው። "ተንፍስ!" አለው፣ ጆሮው ሥር። "ተንፍስ አንተ ሰው!" ሰውየው በረጅሙ ሳበ፣ ከዚያ መልሶ ዝም አለ። "ተንፍስ!" ተዋበ እግሩን ይወዘውዛል፣ ቢሰውር ፊቱን ይመታል፤ የሰውየው አንገት ግን በጎን ይወድቃል።

ማንያህልሻል ከቤት ወጥታ ቆማ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና መጥታ ሰውየውን በሌላው ብብት ያዘችው። አስቀመጡት። ውኃ ፊቱ ላይ ረጩበት። ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው እየተቀበለ፣ ተንፍስ፣ ተንፍስ አሉት። ፀሐይ ከግቢው ጥግ እስከ ጥግ ዞረች። ሊመሽ ሲል ሰውየው ዓይኑን ገለጠና "ጠማኝ" አለ። ተዋበ መሬት ላይ ተደፍቶ ጮኾ አለቀሰ።

ወንድማማቾቹ ተደጋግፈው ከወጡ በኋላ ማንያህልሻል እዚያው ጭቃው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። እጆቿን ትመለከት ነበር። ቢሰውር ሊያነሣት እጁን ዘረጋ፤ አልያዘችውም።

"እሷንም እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር?" አለችው።

ቢሰውር አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

"ይቻል ነበር" አላት።